ለጅማ ክረምት የቱ ይሻላል፦ በኋላ ጎማ የሚገፋ ወይስ በአራቱም ጎማ የሚነዳ የኤሌክትሪክ መኪና?

ጥያቄ፦ የጅሬን ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ላስመጣ ያለ ሰው ምርጫው በኤሌክትሪክ መኪናዎች መካከል ብቻ ሆኗል። እኔም ለረጅም ጊዜ ሳጠያይቅ ቆይቼ ጉዳዩን ወደ ሁለት መኪናዎች አጥብቤዋለሁ። ሁለቱም በቻይና የተሠሩ የቮልስዋገን አይዲ ፎር ናቸው። አንደኛው 150 ኪሎ ዋት ጉልበት ያለው አንድ ሞተር ከኋላ ተገጥሞለት በኋላ ጎማዎቹ ብቻ የሚገፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከፊትም ተጨማሪ ሞተር ያለውና በድምሩ 230 ኪሎ ዋት የሚያወጣ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው። የዋጋቸው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በልዩነቱ ጥሩ ጎማ ገዝቼ፣ የግድግዳ ቻርጀር አስገጥሜና የመጀመሪያውን ዓመት መድን ከፍዬ ገንዘብ ይተርፈኛል።

የምኖረው ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። አስፋልቱን ከለቀቅሁ በኋላ ያለው መንገድ መጀመሪያ ኮብልስቶን፣ ቀጥሎ ቀይ አፈር ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ደግሞ ዳገት ሆኖ በአንድ ወገኑ ጥልቅ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለው። የጅማን ዝናብ ለምታውቁት ሰዎች መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም የሚዘልቅ፣ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ነው። አሁን ያለችኝ አሮጌ መኪና በፊት ጎማ የምትጎተት ስለሆነች፣ በሐምሌና በነሐሴ ዳገቱ ላይ ስትደርስ የፊት ጎማዎቿ ባዶ ይዞራሉ፤ ከታች አቁሜያት በእግሬ የምወጣበት ቀን ብዙ ነው። ከከተማ ውጭ ለሥራ ወደ አጋሮ፣ አልፎ አልፎም ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ሁለቱም መንገዶች አስፋልት ናቸው።

የቸገረኝ ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ የማነበው ምክር በሙሉ ስለ በረዶ የተጻፈ መሆኑ ነው። የኖርዌይና የካናዳ ሰዎች ስለ በረዶ የሚሉት ነገር ለቀይ ጭቃ ምን ያህል ይሠራል? በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና በዝናብ ጊዜ ጀርባው ተንሸራቶ ይዞራል የሚሉኝ ወዳጆችም አሉ፤ ይህ ዛሬ በሚሠሩት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይም እውነት ነውን? ሙያው ያላችሁ፣ ወይም በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ እነዚህን መኪናዎች የምትነዱ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ኪቶ ፉርዲሳ

ጠያቂያችን፣ ስለ በረዶ የተጻፈው ምክር ከፊሉ ለእኛ ይሠራል፣ ከፊሉ አይሠራም። የማይሠራው ብርዱን የሚመለከተው ክፍል ነው። በሰሜኑ አገር የሚሸጠው የክረምት ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድም እንዳይደርቅ ተብሎ በለሰለሰ ላስቲክ የተሠራ ስለሆነ፣ በክረምትም ቢሆን ቀኑ ከ20 ዲግሪ በላይ በሚሞቅበት በጅማ ቶሎ ከማለቅ በስተቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። ባትሪው በብርድ ምክንያት የሚያጣው ርቀት፣ እንዲሁም ለዚያ ተብሎ የሚገጠመው የሙቀት ፓምፕ እዚህ የሚያሳስቡ አይደሉም። የሚሠራው ክፍል ግን አስተማሪ ነው። በኖርዌይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከተሸጡት አዳዲስ መኪናዎች 89 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ፤ ከእነዚህም ውስጥ በኋላ ጎማቸው ብቻ የሚገፉት ጥቂት አይደሉም፤ ክረምቱን የሚያልፉትም ከሞተሮቻቸው ብዛት ይልቅ ለመንገዱ በሚስማማ ጎማ ነው።

አሁን ወደ ዳገትዎ እንምጣ፤ ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ስለሚሆን ትንሽ ቁጥር ታገሡኝ። አግድም 100 ሜትር ሲሄዱ 15 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት እንውሰድ። 2,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ይህን ለመውጣት ከክብደቱ 15 በመቶ ያህል፣ ማለትም 315 ኪሎ ግራም የሚያክል ግፊት ያስፈልገዋል። የአይዲ ፎር ክብደት በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ በግማሽ በግማሽ ገደማ የተከፈለ ሲሆን፣ ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል የኋላው ድርሻ ወደ 53 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ የኋላ ገፊው መኪና ግፊቱን የሚያወጣው በ1,100 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት መሬቱን ቆንጥጦ ነው፤ ለዚህም የመሬቱ የሰበቃ ቁጥር (ጎማው መሬቱን ምን ያህል እንደሚቆነጥጥ የሚያሳየው ቁጥር) ቢያንስ 0.28 መሆን አለበት። ተመሳሳይ መኪና በፊት ጎማ የሚጎተት ቢሆን ኖሮ የፊቱ ድርሻ በአንጻሩ ወደ 47 በመቶ ስለሚወርድ 0.32 ይጠይቅ ነበር። አሮጌዋ መኪናዎ ዳገቱ ላይ የምትቸገርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ግን ሙሉ ክብደቱን ስለሚጠቀም 0.15 ይበቃዋል።

እርጥብ አስፋልት በደህና ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 በላይ ስለሚሰጥ፣ ለአጋሮና ለአዲስ አበባ መንገድ ሁለተኛው ሞተር ለመውጣት የሚጨምርልዎ ነገር የለም። ኮብልስቶኑም ቢሆን ጭቃ ካልለበሰ በስተቀር ችግር አይሆንም። ላዩ የላሸቀ ቀይ ሸክላ አፈር ግን እስከ 0.2 አካባቢ ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የኋላ ገፊው ይቆማል፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ይወጣል። በመሆኑም ከሁሉ በፊት ሊያውቁት የሚገባው የዳገትዎን ዝንባሌ ነው። በእጅ ስልክ ላይ የሚገኘውን የዝንባሌ መለኪያ ጣውላ ላይ አስቀምጠው መሬቱ ላይ ቢለኩት ይበቃል፤ 15 በመቶ ማለት 8.5 ዲግሪ ገደማ ነው።

የመኪናው ጀርባ ተንሸራቶ ይዞራል የሚለው ሥጋት የመጣው የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ካልነበራቸው የድሮ የኋላ ገፊ መኪናዎች ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ጎማው ባዶ መዞር ሲጀምር የሞተሩ ጉልበት የሚቀነሰው በሴኮንድ ጥቂት ሺኛ ክፍልፋዮች ውስጥ ስለሆነ፣ ከነዳጅ ሞተር እጅግ ይፈጥናል። ለመውጣት ሲባል ይህን መቆጣጠሪያ ማጥፋት በአንዳንድ ጥልቅ ጭቃ ላይ ይረዳ ይሆናል፤ ቦይ አጠገብ ባለ ዳገት ላይ ግን አልመክርም።

መልስ፦ የየቡ መንገድ

ወንድሞቼ፣ የኪቶ ፉርዲሳው ሒሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን መኪናው ዳገቱን ሳይቆም የሚወጣ አድርጎ ያሰበው ይመስለኛል። እኔ ቡና ስለምሰበስብ ከየቡ ወጣ ብለው ወደሚገኙ መንደሮች የምመላለሰው ባለ ሁለት ሞተር ቶዮታ ቢዚ ፎር ኤክስ ይዤ ነው። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ መኪና የሚፈተነው ተንደርድሮ ሲወጣ ሳይሆን መሐል ዳገት ላይ ቆሞ እንደገና ሲነሳ ነው፤ ላም ትገባለች፣ ባጃጅ ከላይ ይመጣል፣ ጭነት የጫነች አህያ መንገዱን ይዛ ትቆማለች። ሲንደረደር ያለፈው የኋላ ገፊ መኪና ከቆመ በኋላ ለመነሳት ሲሞክር ሁለቱ ጎማዎቹ የቆሙበትን ቦታ አልስልሰው ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ ወደ ኋላ መንሸራተት ነው። በአራቱም ጎማ የሚነዳው ግን ከቆመበት ቀስ ብሎ ይነሳል።

ስለ ቀዩ አፈርም የምጨምረው አለኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት መንገዱ የሚብስ ይመስለዋል፤ የእኛ አፈር ግን ይበልጥ የሚከዳው ከደረቅ ቀናት በኋላ ትንሽ ካፊያ ሲጥልበት ነው። ያን ጊዜ ታቹ እንደ ጠነከረ ላዩ ብቻ ርሶ ቀጭን የሸክላ ልስን ይሆናል፤ ጎማው ልስኑን ቀዶ ወደ ጠንካራው አፈር ካልደረሰ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሸክላው በጎማው ጥርሶች መካከል ሲሞላ ደግሞ ጎማው ሊጥ እንደ ያዘ እጅ ይሆናል፤ አዲስም ይሁን ያለቀ ልዩነቱ ይጠፋል። ጠያቂያችን ዝናቡ እስኪያባራና መንገዱ ጠፈፍ እስኪል አንድ ሁለት ሰዓት መጠበቅ የሚችሉ ከሆነ የኋላ ገፊው ይበቃቸዋል። እንደ እኔ በተቀጠረ ሰዓት መድረስ ያለበት፣ ወይም በሌሊት ለሕመምተኛ የሚጠራ ሰው ግን ለሁለተኛው ሞተር የከፈለው ገንዘብ አይቆጨውም።

በነገራችን ላይ የእኔ መኪና በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት ስለሆነ ለጭቃ ተብሎ የተዘጋጀ ኤክስ ሞድ የሚባል አነዳድ አለው፤ ከመሬት ያለው ከፍታም ከአይዲ ፎር ይበልጣል። ከሞተሩ ብዛት ይልቅ ከፍታው የረዳኝ ጊዜም ስላለ ሁሉንም ምስጋና ለሞተሩ መስጠት አልፈልግም።

የጅሬን ነዋሪ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዳገቱን በተነገረኝ መሠረት ለካሁት፤ አብዛኛው 7 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ቦዩ ያለበት አጭር ክፍል ወደ 9 ዲግሪ ይጠጋል። እህቴ የየቡ መንገድ ያነሣችው መሐል ዳገት ላይ የመቆም ነገር እውነት ነው፤ እኔ ዘንድ ግን የሚተላለፈው ሰው ጥቂት ስለሆነ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ሥራዬም ሰዓት የሚያጣድፍ አይደለም። ይልቅ አሁን ያሳሰበኝ መውረዱ ነው። ጠዋት ከቤት ስወጣ ያንኑ ዳገት ቁልቁል እወርደዋለሁ፤ ከታች ደግሞ መንገዱ ታጥፎ ሕፃናት የሚያልፉበት መተላለፊያ አለ። ባለ ሁለት ሞተሩ ለቁልቁለት የሚያስተማምን ከሆነ ለእሱ ብዬ ልዩነቱን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ።

መልስ፦ ኪቶ ፉርዲሳ

በዚህ ላይ ፈጥኜ የምመልሰው አንባቢው ሁሉ እንዲያውቀው ስለምፈልግ ነው፤ ለቁልቁለት ብለው ከሆነ ልዩነቱን አይክፈሉ። ፍሬን በየትኛውም መኪና ላይ የሚይዘው አራቱንም ጎማ ነው። የኋላ ገፊውም ሆነ ባለ ሁለት ሞተሩ ሲያቆሙ የሚጠቀሙት ያንኑ የመሬት አያያዝ ነው፤ እንዲያውም ባለ ሁለት ሞተሩ 100 ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል።

ቁጥሩን በዚያው በ15 በመቶው ዳገት ላይ እንመልከተው። የመሬቱ የሰበቃ ቁጥር 0.2 በሆነበት ቀን ባለ ሁለት ሞተሩ መኪና ያለ ችግር ይወጣል፤ የሚያስፈልገው 0.15 ብቻ ነውና። ሲወርድ ግን ከዚያው 0.2 ውስጥ 0.15ቱ መኪናው በራሱ ክብደት ቁልቁል እንዳይሄድ ለመያዝ ስለሚውል፣ ለማቆም የሚተርፈው 0.05 ብቻ ነው። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ፍሬን የያዘ መኪና በሜዳ ላይ በ8 ሜትር የሚቆመው፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ 31 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ከሆነ ርቀቱ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ከሁለተኛው ሞተር ይልቅ ፍጥነቱን በግማሽ መቀነስ እንዴት እንደሚጠቅም ከዚህ ማየት ይቻላል። የእርስዎ አጭር ክፍል 9 ዲግሪ ከሆነ ወደ 16 በመቶ ስለሚጠጋ የሚተርፈው ከዚህም ያነሰ ነው።

ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ግን አይወድልኝም። የኋላ ገፊው መኪና መውጣት ያቃተው ቀን መንገዱ ለመውረድም የማያስተማምን ቀን ነው፤ መኪናው ከታች በመቆሙ ይህን ያስታውቃል። ባለ ሁለት ሞተሩ ግን ሳያስታውቅ ወደ ላይ ያደርስና መመለሻውን ለሾፌሩ ይተወዋል።

መልስ፦ ሂርማታ ጋራዥ

እኔ የማየው ነገር በአብዛኛው ከመኪናው ሥር ስለሆነ ከዚያ ልነሣ። ከላይ ስለ ቁልቁለት በተባለው ላይ አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና የፍጥነት መስጫውን (ጋዙን) ሲለቁት ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ መኪናውን ያቀዘቅዛል፤ ሪጀን የሚሉት ይህን ነው። በኋላ ገፊው ላይ ሪጀኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። በአይዲ ፎር የማርሽ መራጩን ዲ ላይ ካደረጉት መኪናው ጋዝ ሲለቀቅ በነፃነት ወደ መንከባለል ያደላል፤ ቢ ላይ ሲያደርጉት ግን ሪጀኑ ይጠነክራል። በደረቅ ቁልቁለት ቢ ጥሩ ነው። በእርጥብ ሸክላ ላይ ግን የኋላ ጎማዎች ብቻቸውን በድንገት ሲያዙ ጀርባው ወደ ጎን ሊሄድ ስለሚችል፣ ዲ ላይ አድርጎ ገና ከላይ ጀምሮ በእግር ፍሬን ቀስ እያሉ መውረድ ይሻላል። ባለ ሁለት ሞተሩ በዚህ በኩል ትንሽ የተሻለ ሚዛን አለው፤ ለዚህ ሲባል ግን ያን ያህል ገንዘብ አይከፈልም።

አሁን ወደ ሆዱ። አይዲ ፎር ከመሬት ያለው ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለተኛው ሞተር በዚህ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አይጨምርም። ባትሪው ወለሉን ሙሉ ይዞ ከሥር የተዘረጋ ስለሆነ ከጎማ ቀጥሎ ሊጠበቅ የሚገባው እሱ ነው። አይሱዙዎች በክረምት የሰፈሩን መንገድ ሲመላለሱበት በሁለቱ የጎማ መሄጃዎች መካከል ያለው አፈር ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ቤት መኪና ዱካቸውን ተከትሎ ከገባ ሆዱ በዚያ ጉብታ ላይ ይቀመጣል። ሆዱ ከተቀመጠ አራት ጎማ ቢዞርም ሁለት ጎማ ቢዞርም መኪናው ያው ቁም ነው፤ ከሁለት ሺህ ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነውን ነገር ገፍቶ ማውጣትም ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንዱን ጎማ በጉብታው ላይ፣ ሌላውን በመንገዱ ጠርዝ አድርጎ መንዳት ይሻላል፤ ቦዩ ባለበት ክፍል ግን ወደ ጠርዝ መጠጋት አደገኛ ስለሆነ፣ ጠያቂያችን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተነጋግረው ለዚያ አጭር ክፍል ጠጠር ቢያስደፉበት ከማንኛውም ሞተር የበለጠ ይጠቅማቸዋል። ይህን የምለው በቀልድ አይደለም፤ የሁለቱን መኪናዎች የዋጋ ልዩነት ለሰማ ሰው አንድ ሁለት ገልባጭ ጠጠር ምንም ማለት አይደለም።

ጎማውን በሚመለከት አይዲ ፎርን ከሌሎች የሚለየው ነገር የፊትና የኋላ ጎማው እኩል አለመሆኑ ነው። ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ያለው መኪና ከፊት 235/55፣ ከኋላ 255/50 ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም የፊቱን ወደ ኋላ አዛውሮ እኩል እንዲያልቅ ማድረግ አይቻልም፤ ኋላ ገፊ ሲሆን ደግሞ የኋላው ቀድሞ ያልቃል። ይህን የኋላ ልክ ጅማ ላይ በቀላሉ ስለማታገኙት አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። በጎኑ ላይ የኤም እና የኤስ (የጭቃና የበረዶ) ምልክት ያለበት፣ ጥርሱ ገለጥ ገለጥ ያለና ጭቃውን የሚተፋ ዓይነት ይምረጡ፤ በጣም ሸካራ የሆነው የገጠር ጎማ ግን ድምፁም ይረብሻል፣ ባትሪም ይበላል። አዲስ ጎማ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ጥርስ ይዞ ይመጣል፤ በደረቅ አገር እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ይጠቀሙበታል፣ ለእኛ ዝናብ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር አለበት። አንዳንድ ሰዎች አራቱንም 235/55 ያደርጋሉ፤ የጎማዎቹ ቁመት 741 እና 738 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ጠበብ ያለው ጎማም ስስ ጭቃን ቀዶ ወደ ጠንካራው መሬት ይደርሳል። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን ጎማው ላይ የተጻፈው የክብደት መሸከሚያ ቁጥር ለኋላው ጭነት እንዲበቃ ጎሚስታውን አምኖ ሳይሆን ራሱ አንብቦ ያረጋግጥ።

ብዙዎቹ አይዲ ፎሮች ስኮርታ ሳይኖራቸው፣ በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ይዘው ነው የሚመጡት። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ያ ፈሳሽ ምንም አያደርግም፤ ስኮርታና ክሪክ ገዝቶ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ መያዝ ነው።

ስለ ውኃ ባጭሩ። የባትሪው ሣጥን ብዙ ጊዜ አይፒ 67 በተባለው ደረጃ የታሸገ ነው፤ ይህም በሙከራ ላይ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል ማለት ነው። ይህ ግን ቆሞ ሳለ የተለካ ነው። በሚወርድ ጎርፍ ውስጥ መግባት በየትኛውም መኪና አይፈቀድም፤ ባለ ሁለት ሞተርም ቢሆን።

መልስ፦ ግቤ በረሃ

እኔ የምናገረው ስለ አዲስ አበባው ጉዞ ብቻ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለቱ መኪናዎች በጉልህ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ በተደረገው ይፋዊ ልኬት የ2023ቱ የኋላ ገፊ አይዲ ፎር በአንድ ሙሌት 443 ኪሎ ሜትር ሲያወጣ፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ያንኑ ባትሪ ይዞ 410 ነው የሄደው። የቻይናው ሥሪት ቁጥሩ ቢለይም የልዩነቱ አቅጣጫ ያው ነው። በ350 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ይህ የ30 ኪሎ ሜትር ትርፍ ሰው ከሚገምተው በላይ ዋጋ አለው፤ ከወልቂጤ ወደ ግቤ ድልድይ ሲወረድና እንደገና ወደ አበልቲ ሲወጣ ያለውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከጭነቱ ጋር 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያወጣል፤ ሲወርድ በሪጀን ከግማሽ በላዩን ቢመልስም ሁሉንም አይመልስም። በዝናብ ላይ ውኃው ራሱ ጎማውን ይይዛል፣ መስታወት እንዳይደበዝዝ አየር ማቀዝቀዣው ይሠራል፤ ስለዚህ በክረምት ከተጻፈው ርቀት ላይ አንድ አምስተኛውን ቀንሶ ማሰብ ብልህነት ነው። ከመነሳት በፊትም በመንገዱ ላይ የሚሠራ ቻርጀር መኖሩን ደውሎ ማጣራት ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ ስለ መሙላት ሰው ስለማይጠይቅ እንጂ በክረምት መብራት ሲጠፋ ችግሩ ይኸው ነው። በ220 ቮልት፣ በ32 አምፔር የሚሠራ የ7 ኪሎ ዋት የግድግዳ ቻርጀር ባዶውን ባትሪ በአንድ ሌሊት ይሞላል፤ ተራ ሶኬት ግን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳያወርዱ በየማታው መጨመር ይመረጣል።

የጅሬን ነዋሪ

ጋሼ ሂርማታ፣ የጠጠሩን ነገር ለሰፈሩ ዕድር አቅርቤዋለሁ፤ የተቃወመ የለም፣ መዋጮው ግን ገና አልተጀመረም። በእናንተ ምክር መሠረት ወደ ኋላ ገፊው አዘንብያለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከሻጮቹ አንዱ በኋላ ገፊው ዋጋ ባለ ሁለት ሞተር እሰጥሃለሁ ብሎኛል፤ እውነት ከሆነ አልጠላም። ሳልሸወድ እንዴት አረጋግጣለሁ?

መልስ፦ የየቡ መንገድ

በኋላ ገፊው ዋጋ ካገኙትማ የእኔ ክርክር አሸነፈ ማለት ነው። ግን ጋሼ እንደሚሉት ሥሩን ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ።

መልስ፦ ሂርማታ ጋራዥ

በመኪናው ጀርባ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም፤ ተለጣፊ በየሱቁ ይሸጣል። በቻይና የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ አካሉ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በር ሲከፈት በሚታየው ምሰሶ ላይ፣ የፋብሪካ ሰሌዳ አለው። እዚያ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የሞተሩም ጉልበት በኪሎ ዋት ተጽፏል። ጽሑፉ በቻይንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ይነበባል፤ የኋላ ሞተሩ 150 ብቻ ከሆነና ሌላ የሞተር ቁጥር ከሌለ ባለ አንድ ሞተር ነው። የሻንሲ ቁጥሩ በፊት መስታወቱ ሥር ካለው ጋር አንድ መሆኑን አብረው ያስተያዩ።

ከዚያ መኪናውን በክሪክ ወይም በጋራዥ ማንሻ አስነሥተው የፊት ጎማዎቹን ከውስጥ በኩል ይመልከቱ። ባለ ሁለት ሞተር ከሆነ ከመሐል ወደ እያንዳንዱ የፊት ጎማ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ የላስቲክ መሸፈኛ ያለው አክሰል ይታያል፤ የኋላ ገፊው እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለውም። በዚያው እንደተነሣ የባትሪውን የታችኛ ሽፋን በባትሪ መብራት ይዩት፤ የተጨፈለቀ፣ የተቧጨረ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ካለ ስንት ሞተር እንዳለው መጠየቁን ትተው ሌላ መኪና ይፈልጉ። ሥሩን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካጋጠመዎም እንዲሁ። የኋላ ጎማውን ደግሞ መኪናው እስኪገዛ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይዘዙት፤ ሰኔ ከገባ በኋላ ጠያቂው ስለሚበዛ ዋጋውም ይጨምራል።